በቦሎቄ ፈንገስ ውስጥ ቫይረስ እንዴት ይፈለጋል? ሐዋሳ ላይ ለሚሠራ ተማሪ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ፈንገስም ቫይረስ ይይዘዋል። ቦሎቄን የሚያቆስለው፣ ቡናን የሚያደርቀው ፈንገስ ራሱ በሽተኛ ሊሆን ይችላል። ብዙውን ጊዜ ቫይረሱን ተሸክሞ ምንም ሳይሆን ይኖራል። አንዳንዱ ግን ይደክማል። እድገቱ ይቀንሳል፣ ስፖር (እንደ ዘር የሚበተነውን ክፍሉን) መጣል ያቅተዋል፣ ተክል የማጥቃት አቅሙ ይወርዳል። ጥቂቱ ደግሞ ጭራሽ በቫይረሱ ምክንያት ይበረታል። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ቫይረሱ ፈንገሱን አድክሞ ተክሉን ያድናል የሚለው ተስፋ የመጣው ከቼስትነት ዛፍ ነው። በ1904 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኒው ዮርክ ላይ የታየ ፈንገስ የአሜሪካን ቼስትነት ጠራርጎ ጨረሰው። ያው ፈንገስ በ1938 ጣሊያን፣ ጄኖዋ አካባቢ ተገኘ። አለቀ፣ ደቀቀ ሲባል በ1950ዎቹ አንዳንድ ዛፎች ቁስላቸው ሲድን ታየ። በ1960ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ ከዳነው ቁስል ፈንገሱ ወጥቶ ላብራቶሪ ውስጥ በቀለ። ነጣ ያለና ደካማ ነበር። ከጤነኛው ጋር አንድ ሳህን ላይ ሲያበቅሉት ጤነኛውም ደከመ። ተጠያቂው ቫይረስ መሆኑ ኋላ ላይ ታወቀ። አውሮፓ ውስጥ ይህ ቫይረስ ብዙ ዛፍ አትርፏል። አሜሪካ ላይ ግን እምብዛም አልሠራም።

ለምን? የፈንገስ ቫይረስ እንደ ጉንፋን በትንፋሽ አይጋባም። አብዛኛው ከፈንገሱ ሴል አይወጣም። የሚሻገረው የሁለት ፈንገሶች ክሮች ተገናኝተው ሲዋሃዱ ነው፤ ወይም በስፖር ወደ ልጅ ይወርዳል። ክሮቹ የሚዋሃዱት ደግሞ ከተስማሙ ብቻ ነው። የማይስማሙ ሲገናኙ የነካኩት ሴሎች እዚያው ይሞታሉ፣ ቫይረሱም እዚያው ይቀራል። አሜሪካ ላይ የማይስማሙት ዓይነቶች እጅግ ብዙ ናቸው፤ አውሮፓ ላይ ግን ጥቂት።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልበል። ጄል (የዘረመል ሞለኪውሎች በመጠን የሚለዩበት ርጎ መሰል ነገር) ላይ ባንድ (መስመር) ማየት የሥራው ግማሽም አይደለም። "ይህ ፈንገስ ቫይረስ አለበት" ማለትና "ይህ ፈንገስ በቫይረሱ ምክንያት ደከመ" ማለት ለየቅል ናቸው። ብዙ ተማሪ የመጀመሪያውን አሳይቶ መደምደሚያው ላይ ሁለተኛውን ይጽፋል። ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁለተኛውን በሐቅ ለመጻፍ የሚያስችሉ ናቸው።

ለምን የቦሎቄ አንትራክኖዝ?

ቅርብ ስለሆነ። ከሐዋሳ ወጣ ስትሉ፣ ወደ ቦሪቻም ሆነ ወደ ሻሸመኔ፣ ቦሎቄ አታጡም። አንትራክኖዝ የተባለው ይህ የፈንገስ በሽታም በዓይን ይለያል። ቆባው ላይ ክብ፣ ወደ ውስጥ የጎደጎደ፣ ጠርዙ ቡናማ ወይም ቀላ ያለ ቁስል ይታያል። እርጥበት ሲያገኝ መሀሉ ላይ ሮዝ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ሙጫ መሰል ነገር ይወጣል። ያ ስፖሩ ነው። ፈንገሱ ኮሌቶትሪከም ሊንደሙቲያነም ይባላል። አንድ ጉዳቱ በጣም ቀርፋፋ መሆኑ ነው። ትዕግሥት የሌለው ሰው ፈጥኖ የሚያድገውን፣ ፉሳሪየም የተባለውን ፈንገስ ይውሰድ።

ሌላም ወጥመድ አለው፤ ከአሁኑ ያዙት። ብዙ የቦሎቄ ዝርያ ራሱ ቫይረስ ተሸክሞ ይኖራል። ኢንዶርናቫይረስ ይባላል። ተክሉን ምንም አያደርገውም፣ በዘር ይተላለፋል፣ ጄል ላይ ደግሞ ትልቅ ባንድ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ከታመመ ቅጠል ወይም ቆባ በቀጥታ አርኤንኤ (ብዙ ቫይረስ ዘረመሉን የሚይዝበትን ሞለኪውል) አታውጡ። የምታገኙት የፈንገሱን ሳይሆን የቦሎቄውን ቫይረስ ሊሆን ይችላል። ሥራው ሁሉ ከተጣራ ፈንገስ ይጀምር።

ናሙና መሰብሰብ

ጥሩው ጊዜ ዝናቡ ሳያባራ፣ ቆባው ገና አረንጓዴ ሳለ ነው። ለመኸሩ ሰብል ነሐሴና መስከረም ገደማ ማለት ነው። ቆባውን በወረቀት ከረጢት ያዙ። በፌስታል ከያዛችሁት ላብ ይልና ማታ ቤት ስትደርሱ ባክቴሪያ ወርሶት ታገኙታላችሁ። ምልክት የምትጽፉት በእርሳስ ይሁን፤ እስክሪብቶ እርጥበት ሲነካው ይጠፋል። ቀበሌውን፣ ቀኑን፣ የዘሩን ስም፣ ከፍታውን ጻፉ።

ዓይናችሁ የከፋው ቁስል ላይ ብቻ እንዳያርፍ። ትንሽ ሆኖ የቀረ፣ ጠርዙ የደረቀ፣ ስፖር ያልጣለ ቁስልም ውሰዱ። የደከመ ፈንገስ ካለ የመገኘት ዕድሉ እዚያ ነው። ከዚያው ማሳ የበረታውንም ጨምሩ፤ ማነጻጸሪያ ይሆናል።

ማሳ ስትገቡ ባለቤቱን አስፈቅዱ። "አባባ፣ ይህን የታመመውን ጥቂት ልውሰድ?" ካላችሁ እምቢ የሚል የለም። "መድኃኒቱን ይዘህ ትመጣለህ ወይ ልጄ?" የሚለው ጥያቄ ግን አይቀርም። መልሱን መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

ሚዲያ ማፍላትና የሐዋሳ ከፍታ

ሚዲያ ማለት ፈንገሱ የሚበቅልበት ምግብ ነው። ለ1 ሊትር ፒዲኤ (ከድንች የሚሠራ ሚዲያ) 200 ግራም የተላጠ ድንች፣ 20 ግራም ዴክስትሮስ፣ ከ15 እስከ 20 ግራም አጋር (ማርጊያ ዱቄት) ይበቃል። ድንቹን ቀቅሉ፣ ውኃውን በሻሽ አጥልሉ፣ የቀረውን ጨምራችሁ 1 ሊትር ሙሉ። የሻሸመኔ ድንች ካገኛችሁ ምን ትፈልጋላችሁ።

ማምከኑ ላይ ቆም እንበል። መጽሐፉ 15 ፒኤስአይ ግፊት፣ 121 ዲግሪ፣ 15 ደቂቃ ይላል። ያ ለባሕር ጠለል ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ጌጁ (የግፊት መለኪያው) 15 ሲያሳይ ውስጡ ያለው እንፋሎት ወደ 118 ዲግሪ ነው። የ3 ዲግሪ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ግን የባክቴሪያ ስፖር ለመግደል የሚፈጀውን ጊዜ በእጥፍ ያህል ያሳድገዋል። የሙቀት ሴንሰር ያለው አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ) ራሱ ያስተካክላል። በጌጅ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ወይም በፕሬዠር ኩከር ከሆነ የምትሠሩት፣ 30 ደቂቃ አቆዩት። "ሚዲያዬ ለምን ይበላሻል" የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልሱ እዚህ ነው።

ማጥራት

ከቁስሉ ጠርዝ፣ ጤነኛውና የታመመው ከሚገናኙበት፣ ግማሽ ሳንቲሜትር የሚሆን ቁራጭ ውሰዱ። 70 በመቶ አልኮል ውስጥ 30 ሰከንድ፣ ወደ 1 በመቶ ሃይፖክሎራይት የቀጠነ በረኪና ውስጥ 1 ደቂቃ፣ ከዚያ በተጣራ ምክን ውኃ ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ። የበረኪናው ጥንካሬ እንደ ፋብሪካው ስለሚለያይ ጠርሙሱ ላይ ያለውን አንብቡና አስሉ። በምክን ወረቀት አድርቁት። ክሎራምፌኒኮል (ባክቴሪያ የሚከላከል መድኃኒት) የተጨመረበት ፒዲኤ ላይ አስቀምጡት። 22 ዲግሪ ይስማማዋል። ኢንኩቤተር ከሌለ ጥላ ያለው ክፍልም ይሠራል፤ የቀን ሙቀቱን ግን መዝግቡ።

ጠርዙ ላይ ጥቁር ግራጫ ሆኖ በቀስታ የሚዘልቀው የእናንተው ነው። በሁለት ቀን ሳህኑን የሞላው ሌላ እንግዳ ነው፤ ጣሉት።

ከአንድ ስፖር ማብቀል፣ እናቱን ሳይጥሉ

ስፖሩን በምክን ውኃ በትኑ፣ አቅጥኑ፣ ውኃ አጋር (ውኃና አጋር ብቻ ያለበት ሚዲያ) ላይ አፍስሱ። በማግስቱ ጠዋት ማይክሮስኮፕ ስር የበቀለ አንድ ስፖር ፈልጉና በተቃጠለ ቀጭን መርፌ አንሱ። ይህ የተለመደ ነው።

ያልተለመደው ይኸውና። ቫይረሱ ወደ ሁሉም ስፖር ላይገባ ይችላል። ከአንድ ስፖር አብቅላችሁ የመጀመሪያውን ሳህን ከጣላችሁት ቫይረሱንም አብራችሁ ጥላችሁት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የበቀለውን ፈንገስ በሰያፍ ቱቦ (አጋሩ አዘንብሎ በረጋበት ቱቦ) አስቀሩ። ከአንድ አይዞሌት (ከአንድ ናሙና ከተጣራ ፈንገስ) ብዙ ነጠላ ስፖሮች አብቅሉ። ከመካከላቸው አንዱ ቫይረስ ያለበት፣ ሌላው የሌለበት ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። ሁለት ወንድማማች፣ ልዩነታቸው ቫይረሱ ብቻ። ወደ ታች ስንወርድ የዚህ ዋጋ ይገባችኋል።

ስፖር አልጥል ካለ ፎሶሊያ ግዙ። ቆባውን ቱቦ ውስጥ ጥቂት ውኃ አጋር ላይ አቁሙ፣ አምክኑ፣ ፈንገሱን እዚያ ላይ ዝሩት። ፒዲኤ ላይ የለገመው እዚያ ላይ ይጥላል።

አርኤንኤውን ማውጣት

አብዛኞቹ የሚታወቁ የፈንገስ ቫይረሶች ጂኖማቸው ድርብ ክር ያለው አርኤንኤ ነው፤ ወይም ሲባዙ በዚያ መልክ ያልፋሉ። ጤነኛ ፈንገስ ረጅም ድርብ አርኤንኤ በብዛት አይገኝበትም። የዘዴው ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ድርቡን ብቻ ለቅሞ የሚይዝ ርካሽ ነገር አለ፤ የሴሉሎስ ዱቄት።

ፈንገሱን አጋር በሌለው የድንች ፈሳሽ አብቅሉ። በሻሽ አጥልሉ፣ በወረቀት ጨምቁ፣ 5 ግራም መዝኑ። ለመፍጨት ፈሳሽ ናይትሮጅን ይመረጣል። ላብራቶሪያችሁ ከሌለው ከብት የሚያዳቅሉ ባለሙያዎችን ጠይቁ፤ የኮርማ ዘር የሚይዙት በእሱ ነው። እሱም ካልተገኘ ፈንገሱንና ሙቀጫውን በፍሪዘር አቀዝቅዙና ከታጠበና ከተቃጠለ አሸዋ ጋር ፍጩት። እጅ ያደክማል እንጂ ይሠራል።

ዱቄቱ ላይ 10 ሚሊ ሊትር ኤስቲኢ በፈር (100 ሚሊሞላር ጨው፣ 50 ሚሊሞላር ትሪስ፣ 1 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ) እና 1 ሚሊ ሊትር 10 በመቶ ኤስዲኤስ (ሴል የሚበትን ሳሙና) ጨምሩ። እኩል መጠን ፌኖል ከክሎሮፎርም ጋር ጨምራችሁ በደንብ ነቅንቁ፣ ሴንትሪፉጅ አድርጉ (በፍጥነት በሚያሾረው ማሽን አሹሩ)፣ ከላይ ያለውን ጥርት ያለ ፈሳሽ ብቻ ውሰዱ። መሀል ያለውን ነጭ ሽፋን አትንኩት። ፌኖል ቆዳን ሲያቃጥል መጀመሪያ ያደነዝዛል፤ ሲያምማችሁ ረፍዷል። ጓንትና መነጽር ሳታደርጉ አትጀምሩ። ቱቦውም ክሎሮፎርም የሚችል ይሁን፤ አንዳንዱ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ይቀልጣል።

አሁን ወሳኙ ቁጥር፤ 16 በመቶ ኢታኖል። ለ10 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ 1.9 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ኢታኖል ማለት ነው። በዚህ መጠን ድርቡ አርኤንኤ ሴሉሎሱ ላይ ይጣበቃል፤ ነጠላው አርኤንኤና አብዛኛው ዲኤንኤ ያልፋል። ኢታኖሉን ካበዛችሁ ነጠላውም አብሮ ይጣበቃል። ካሳነሳችሁ ድርቡም ያመልጣል። በግምት የሚጨመር ነገር አይደለም።

1 ግራም ገደማ ሴሉሎስ ጨምራችሁ ቀስ እያላችሁ አማስሉ። ለማጣሪያ ቱቦው (ኮለም) ውድ ዕቃ አያስፈልግም። የ20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ውሰዱ፣ ታቹን በመስታወት ሱፍ ወይም በምክን ጥጥ ድፈኑ፣ ድብልቁን አፍስሱበት። 16 በመቶ ኢታኖል ባለው ኤስቲኢ ደጋግማችሁ እጠቡት። በመጨረሻ ኢታኖል የሌለው ኤስቲኢ አፍስሱ። ድርቡ ለቅቆ ይወርዳል። የወረደው ላይ አንድ አሥረኛ ሶዲየም አሲቴትና ሁለት ተኩል እጥፍ ኢታኖል ጨምራችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት። መብራት ቢሄድ አትደንግጡ፤ ኢታኖል ውስጥ እስካለ ድረስ በቀላሉ አይበላሽም። በማግስቱ ሴንትሪፉጅ፣ 70 በመቶ ኢታኖል እጥበት፣ ማድረቅ፣ በ50 ማይክሮ ሊትር ውኃ ማሟሟት።

ዘዴው መሥራቱን በምን ታውቃላችሁ? ሰላጣ ውስጥ የሚገባውን፣ የማያቃጥለውን ትልቁን ቃሪያ አብቅሉና ቅጠሉን በዚሁ መንገድ አውጡት። የዚህ ቃሪያ ዝርያዎች ወደ 15 ሺህ ቤዝ (የዘረመል ፊደል) የሚጠጋ ኢንዶርናቫይረስ ተሸክመው ነው የሚገኙት። የቃሪያው ባንድ ካልወጣ ጥፋቱ የፈንገሱ ሳይሆን የአሠራሩ ነው።

ጄሉና የኢንዛይም ፈተናው

1 በመቶ አጋሮስ፣ 70 ቮልት ገደማ፣ ቀስ ብሎ። ባንድ አያችሁ። ገና ነው። ዲኤንኤ ሊሆን ይችላልና ናሙናውን ለሦስት ክፈሉ።

አንዱን ዲኤንኤ በሚቆራርጠው ኢንዛይም፣ በዲኤንኤዝ፣ አክሙ። ባንዱ ሳይጠፋ ከቀረ ዲኤንኤ አይደለም። ሁለተኛውን ጨው በበዛበት በፈር፣ 0.3 ሞላር፣ አርኤንኤ በሚቆራርጠው ኢንዛይም፣ በአርኤንኤዝ ኤ፣ አክሙ። ድርቡ ይቋቋማል። ሦስተኛውን ጨው በጣም ባነሰበት በዚያው ኢንዛይም አክሙ። አሁን ይጠፋል። ሦስቱም እንደዚህ ከሆኑ ድርብ አርኤንኤ ይዛችኋል።

መጠኑ ፍንጭ ይሰጣል። ከ1,400 እስከ 2,400 ቤዝ የሚሆኑ ሁለት ባንዶች ፓርቲቲቫይረስን ያስጠረጥራሉ። ከ2,400 እስከ 3,600 የሚሆኑ አራት ባንዶች ክሪሶቫይረስን። ከ4,600 እስከ 7,000 ያለ አንድ ባንድ ቶቲቫይረስን። ከ9,000 በላይ ከሆነ እንደ ቼስትነቱ ያለ ሃይፖቫይረስ ሊሆን ይችላል። የዲኤንኤ ላደር (የመጠን ማነጻጸሪያው) ለድርብ አርኤንኤ ግምት ብቻ ስለሚሰጥ ስሙን በእርግጠኝነት የሚነግራችሁ ሴኩዌንሲንግ (የጂኖሙን ፊደላት ማንበብ) ነው።

ባንድ ካልታየስ? "ድርብ አርኤንኤ አልታየም" ብላችሁ ጻፉ። "ቫይረስ የለም" አትበሉ። በ2010 ቻይና ውስጥ ከስክሌሮቲኒያ ፈንገስ የተገኘው ቫይረስ ጂኖሙ ዲኤንኤ ነው፤ በዚህ ዘዴ ፈጽሞ አይታይም። ያ ቫይረስ በነገራችን ላይ ከውጭም ፈንገሱን መያዝ ይችላል፤ ከላይ ላልኩት ሕግ እንግዳ ነው።

ያለበትንና የሌለበትን ማነጻጸር

የቦሎቄ አንትራክኖዝ ብዙ ሬስ አለው። አንዱ ሬስ አንዱን ዝርያ ያጠቃል፣ ሌላውን አይነካም። ስለዚህ ከቦሪቻ የመጣ ቫይረስ ያለበት አይዞሌት ከሻሸመኔ ከመጣ ቫይረስ ከሌለበት ይልቅ ደክሞ ቢገኝ፣ ቫይረሱ ነው ማለት አይቻልም። ምናልባት ዝርያውና ሬሱ አልተጣጣሙም። ማነጻጸር ያለባችሁ ያንኑ አይዞሌት ከራሱ ጋር ነው፤ ቫይረስ ያለበትንና የጸዳውን።

ማጽዳት የሚቀለው ከላይ እንዳልኩት በነጠላ ስፖር ነው። ካልሆነ የክሩን ጫፍ እየቆረጡ ደጋግሞ ማብቀል። ሪባቫይሪን ወይም ሳይክሎሄክሲማይድ የተባሉ ኬሚካሎችን የሚጠቀሙም አሉ። ሳይክሎሄክሲማይድ ለሰውም መርዝ ነው፤ ያለ ኃላፊ ቁጥጥር አትክፈቱት። የጸዳው መጽዳቱን በዚያው ጄል አረጋግጡ። ሁለቱንም እኩል ጊዜ ከሳህን ሳህን አዛውሩ። ፈንገስ ቫይረስ ባይኖርበትም በመዛወር ብዛት ብቻ ይደክማል።

ከዚያ ቫይረሱን መልሱ። ሰጪውንና (ቫይረስ ያለበትንና) ተቀባዩን (የሌለበትን) በ1 ሳንቲሜትር ርቀት አንድ ሳህን ላይ አብቅሉ። ከተዋሃዱ በኋላ ከተቀባዩ ወገን፣ ከመገናኛው በጣም ከራቀው ጠርዝ፣ ቁራጭ ውሰዱ። መሀላቸው ጥቁር ወይም ባዶ መስመር ከተሰመረ አልተስማሙም፤ ሌላ ተቀባይ ሞክሩ። የወሰዳችሁት ተቀባዩ እንጂ ሰጪው ዘልቆ አለመሆኑን በዲኤንኤ ማርከር (መለያ) ወይም ሃይግሮማይሲን የተባለውን ፈንገስ ገዳይ መድኃኒት በሚቋቋም ተቀባይ አረጋግጡ። ይህ ካልተደረገ የቀረው ሁሉ ወሬ ነው።

ቦሎቄው ላይ መሞከር

በቀላሉ የሚጠቃ ዝርያ ያዙ፤ ሜክሲካን 142 ይሆናል። የመጀመሪያ ቅጠሎቹ የተዘረጉ የ10 ቀን ችግኞች ላይ፣ በሚሊ ሊትር 1 ሚሊዮን ገደማ ስፖር ያለው ውኃ ርጩ። በፌስታል ሸፍናችሁ ሁለት ሦስት ቀን እርጥበት አቆዩ፤ ጥላ ውስጥ ይሁን፣ የሐዋሳ ፀሐይ ስር ይቀቀላል። ከሳምንት በኋላ ከ1 እስከ 9 ባለው መለኪያ ስጡት፤ 1 ንጹሕ፣ 9 የሞተ ነው። ውኃ ብቻ የተረጨም ይኑር።

ቅጠሉን የሚመዝነው ሰው የትኛው የትኛው እንደሆነ አይወቅ። ማሰሮው ላይ ቁጥር ብቻ ጻፉና ጓደኛችሁን አስቆጥሩ። የራስን ቫይረስ አድልቶ የማያይ ዓይን የለም። ቫይረስ ያለበት ስፖር ካልጣለ ያ ራሱ ውጤት ስለሆነ መዝግቡት፤ ሙከራውን የፈንገስ ቁራጭ ፎሶሊያ ቆባ ላይ በመለጠፍ ሥሩ።

ወደ ውጭ መላክና ወደ ማሳ መመለስ

አይዞሌት ለሴኩዌንሲንግ ወደ ውጭ ከመላካችሁ በፊት የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ፈቃድ ጠይቁ። አዋጅ ቁጥር 482/1998 (ይህኛው ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የጄኔቲክ ሀብት ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ ይከለክላል። ወረቀቱ ጊዜ ስለሚወስድ ጄሉን ሳትጨርሱ ጀምሩት። ያገለገለ ሳህን ሁሉ ከመጣሉ በፊት ይመከን። ቫይረስ ያለበትን ፈንገስ ለሙከራ ብላችሁ ማሳ ላይ አትበትኑ፤ የምትበትኑት በሽታ አምጪ ነው።

ያ ገበሬ መድኃኒቱን ሲጠይቃችሁ ቫይረሱን ተስፋ አትስጡት። በሽታው በዘርና በተረፈ ምርት እንደሚሻገር ንገሩት። ቆባው ከቆሰለ ማሳ ዘር እንዳያስቀር፣ ቦሎቄውን ሁለት ሦስት ዓመት ከበቆሎ ጋር እንዲያፈራርቅ፣ ቅጠሉ እርጥብ ሳለ ማሳው ውስጥ ገብቶ እንዳያርም። የወሰዳችሁት ቆባ ምን እንደተገኘበትም ንገሩት፤ ብዙ ሰው ናሙና ወስዶ አይመለስም።